የዕፁብ አርባ አንድ

በድሬዳዋ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚባለው «ቁጥርህ እንዴት አደረ?» ነው። መልሱ አጭር ነው፤ «ሰባ ስምንት፣ ይመስገን።» ቁጥሩ ከሰባ በላይ ያደረ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል። ከስልሳ በታች ያደረ ደግሞ ስልኩ እንደጠፋበት ሰው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።

ዕፁብ ድንበሩ ኪሷን በመዳበስ ትታወቃለች። ቁጥሯ አርባ አንድ ነው።

አውቶቡስ ላይ ከሃምሳ በታች የሆኑ ሰዎች በኋላ በር ይገባሉ። ይህ የተደረገው ለእነሱው ምቾት መሆኑን በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይገልጻል። በፊት በር የሚገቡት በሙሉ በራሳቸው የሚተማመኑ በመሆናቸው «ይቅደሙ» የሚል የለም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው በሩ ላይ ይታያሉ። ዕፁብ በኋላ በር ገብታ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ እስኪላቀቁ ትጠብቃቸዋለች።

ዕፁብ የደቻቱ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ፖይንት ጋርድ ናት። ኳሱን ከራሷ ሜዳ ይዛ የምትወጣው፣ ማን የት እንደሚቆም የምትወስነው፣ ጨዋታው ሲጨንቅ ሁሉም ዓይኑን የሚጥልባት እሷ ናት። በአርባ አንድ ቁጥር እንዴት ለዚህ ቦታ እንደተመረጠች ብዙ ሰው ይጠይቃል። አሰልጣኙ ሙክታር ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ኳስ አትጥልም።» መልሱ በየዓመቱ የሚያሳምነው ሰው እየቀነሰ ሄዷል።

ቁጥሩ የሚታየው ማሊያው ጀርባ ላይ ነው፤ ድሮ የተጫዋቿ መለያ ይጻፍበት በነበረው ቦታ። ተጫዋቿ ራሷ አታየውም። ተመልካቹ፣ አሰልጣኙና ከኋላዋ የምትሮጠው ተቃራኒ ግን ከፍ ሲልም ሲወርድም ያያሉ። ሰው በራሱ ምን ያህል እንደሚተማመን እየለካ ቁጥሩን የሚያወጣው ሚዛን ይባላል፤ ሌላው ሰው የራሱን እጅ አንጓው ላይ ያነባል። የሚዛን ሕግ ቀላል ነው፦ ጨዋታው ሲጀመር ከነበራት ቁጥር በሃያ የወረደች ተጫዋች ሳይረን ይጮኽባትና ትወጣለች። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካገገመች ትመለሳለች፤ ካላገገመች ለዚያ ቀን አበቃ።

ዕፁብ በዚህ ሕግ ወጥታ አታውቅም። ከአርባ አንድ ወደ ሃያ አንድ ለመውረድ ብዙ መንገድ ነው፤ ወደዚያ የሚወስድ ምን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም።

ዘንድሮ ግን አዲስ ሕግ ወጣ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ፖይንት ጋርድ መሆን የምትችለው የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ በስልሳና ከዚያ በላይ የጨረሰች ብቻ ናት። አንድ ልዩ ሁኔታ ተቀምጧል፦ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን ፖይንት ጋርድ ቁጥሯ ምንም ይሁን ምን ቦታዋን ትይዛለች። ለዕፁብ ይህ ማለት ወይ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መጨመር፣ ወይ ዋንጫ መውሰድ፣ ወይ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀውን ብቸኛ ነገር ትታ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።

ክለቡ የመተማመን ባለሙያ ቀጠረላት። ቤዛ ትባላለች፤ ወጣት፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ቁጥሯ ዘጠና አንድ።

«አገጭ ወደ ላይ» ትላታለች። «ትከሻ ወደ ኋላ። አሁን መስታወቱን 'እኔ ነኝ' በዪው።»

«እኔ ነኝ» ትላለች ዕፁብ።

«ማን ነሽ?» ይላል መስታወቱ።

ዕፁብ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ታስባለች። መስታወቱ ማሰብን እንደ ጥርጣሬ ስለሚቆጥረው አንድ ቁጥር ይቀንስላታል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ የጫና ክፍል ትገባለች። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ኳስ እያነጠረች ስትዞር ከግድግዳው የተመልካች ስድብ ይለቀቅባታል። ስድቡ የተቀዳው አዲስ አበባ በመሆኑ ለድሬ ሰው ጆሮ ትንሽ ጨዋ ነው። ዕፁብ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፆቹን ለየች። ከመካከላቸው «አንቺ ልፍስፍስ!» የሚለው ሰውዬ በተቀዳበት ቀን ጉንፋን ይዞት እንደነበር ታወቃት። ከዚያ በኋላ ተራው ሲደርስ ታዝንለት ጀመር።

«ምን ተሰማሽ?» አለቻት ቤዛ አንድ ቀን።

«ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።»

ቤዛ ይህን በምን እንደምትመዘግበው ስላላወቀች አልመዘገበችውም።

የቡድኑ ዋና አስቆጣሪ ናርዶስ ናት፤ ቁጥሯ ዘጠና አራት። ቀኝ ጥግ ላይ ቆማ ሦስት ነጥብ ትወረውራለች፤ ሲገባ የእሷ ነው፣ ሳይገባ ሲቀር የቅርጫቱ ነው። ክፋት የላትም፤ ዕፁብን ግን ሳትተነኩስ ውላ አታውቅም።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ኳስ ስታቀብዪኝ ይቅርታ አትበዪኝ አላልኩሽም? የረገጥሽኝ ይመስለኛል እኮ።»

«ይቅርታ» ትላለች ዕፁብ።

«ይኸው!»

ሌላም ጉድ ነበረባት። ድሬን በመሰለ፣ አያትም አሰልጣኝም «አንተ» በሚባልበት አገር ዕፁብ ኮች ሙክታርን እርስዎ ትላቸዋለች። ከእሷ በአራት ዓመት የምታንሰውን፣ ረጅሟን የመሐል ተጫዋች ሃያትን እንኳ «እዚያ ጋ ብትቆሚልኝ ደስ ይለኛል» ነው የምትላት። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ተቃራኒ ቡድን እዚያ ጋ ቆሟል።

ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት በነበረው ምሽት አባቷ አቶ ድንበሩ እራት ላይ ጡሩምባቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። የደቻቱ ማዶ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። በከተማዋ ከቀሩት ጡሩምባ ነፊዎች የመጨረሻው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጡሩምባው እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት አለ። የሞት ዜና በስልክ የሚደርሰው ቁጥራቸው ከሰባ በላይ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። ለሌሎቹ፣ ቁጥራቸው እስኪያገግም ድረስ፣ ዜናው ይቆይላቸዋል። ደቻቱ ማዶ የወንድማቸውን ሞት በሰማንያው ተዝካር ሰሞን የሰሙ ሰዎች አሉ። ሲሰሙም ቁጥራቸው ወረደ፤ በዚህም መልእክቱን ማቆየት ትክክል እንደነበር ተረጋገጠ።

«ነገ ማለዳ ልጣራ ነው» አሉ አቶ ድንበሩ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ስብሰባ ነው፤ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በዕድሩ ግቢ። ጡሩምባው ይቅር ወይስ ይቆይ የሚል ነው አጀንዳው። የሰፈሩን ቁጥር ያወርዳል ብለዋል።»

«እና ስብሰባውን በጡሩምባ ነው የሚጠሩት?»

«በስልክ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ነበር። ሰው አልሞላም።»

«አባዬ፣ መንገድ ላይ ቆመው ሲጣሩ አይጨንቅዎትም?»

«ይጨንቀኛል እንጂ። እንኳን ያኔ፣ አሁንም ነገን ሳስበው ጨንቆኛል።»

«ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ?»

አቶ ድንበሩ ጡሩምባውን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ፊታቸው ያሳብቃል።

«ሰው ሊጮኽ ሲል አየር ይስባል። የሚታነቀውም ያኔ ነው። እኔ መጀመሪያ ደረቴን ባዶ አደርጋለሁ። አንቺ አስወጪው እንጂ፣ መግባቱን እሱ ያውቅበታል። ከዚያ ስም፣ ቦታ፣ ሰዓት። ሌላ የለም። 'ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ' ብትይ ሰዉ ቀብሩን ትቶ አንቺን ሊያጽናና ይመጣል።» ጨርቁን አጣጠፉት። «ደግሞ ነፍቶ ዝም አይባልም። ቃል ያልተከተለው ጡሩምባ የሁሉንም ቤት ነው የሚያስለቅስ። ለሞት አንድ ረጅም፣ ለስብሰባ ሁለት አጫጭር ነው፤ ድሮ ሰው በዚሁ ይለይ ነበር። አሁን ጆሮው ረስቷል። ቃሉን መጨረስ ግድ ነው።»

ፀሐይዋ ረፋዱ ላይ ከተማዋን ስለምትዘጋት ጨዋታ የሚካሄደው ገና ሲነጋጋ ነው። አዳራሹ ጣራ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ነፋስ እንዲገባ ዙሪያው ክፍት ተትቷል። ፍጻሜው ከአዳማ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። የአዳማዋ ፖይንት ጋርድ ኦብሴ ትባላለች፤ ደቃቃ፣ ፈጣን፣ ሰማንያ ስምንት ቁጥር። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ዕፁብ ላይ ተለጠፈች።

«አርባ አንድ» እያለች ትተነፍስባታለች። «አርባ አንድ፣ ኳሱን ስጪኝና ዕረፊ።»

ዕፁብ አልመለሰችላትም። ኳሱንም አልሰጠቻትም። እንደ ሁልጊዜው አጎንብሳ፣ በዓይኗ ጥግ እያየች፣ ሰው ባላሰበው በኩል ታቀብላለች፤ ከእያንዳንዱ ቅብብል በኋላም ከንፈሯ «ይቅርታ» ይላል። ሃያት ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ቆመች፤ ምክንያቱም ዕፁብ የምትለው አይሰማም። ናርዶስም ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆማ ኳሱ ሲመጣላት ወደ ተመልካች እጇን እያውለበለበች ነበር፤ ምክንያቱም ዕፁብ የምትለው አይሰማም። ተመልካቹ «አርባ አንድ ትውጣ!» ማለት ጀመረ።

ኮች ሙክታር በዕረፍቱ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ስሚ ልጄ። ኳሱ ላይ ችግር የለብሽም። ግን አምስት ሰው የምትመሪው በሹክሹክታ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ኮች። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀረው አዳማ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ኳሱ ከመስመር ወጥቶ ዳኛዋ ለደቻቱ በሰጠችበት ቅጽበት፣ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ፣ ጡሩምባ ተነፋ።

ሁለት አጫጭር ነበር። ለዕፁብ ይህ የቤታቸው በር ሲንኳኳ እንደመስማት ነው። ለሌላው ሁሉ ግን ጡሩምባ ጡሩምባ ነው።

መጀመሪያ የወረደችው ናርዶስ ናት። አባቷ ታመው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ተኝተው ሰንብተዋል፤ ናርዶስ ይህን ለማንም በማውራት ቁጥሯን አላወረደችም ነበር። ጀርባዋ ላይ ዘጠና አራቱ ሰማንያ ሆነ፣ ከዚያ ሰባ አራት፣ ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ። ቀጥሎ ሁለት የደቻቱ ተጫዋቾች ተከታትለው ወጡ። እነሱን ሊተኩ የተነሡት ተጠባባቂዎች ገና ከወንበሩ ሲነሡ ወረዱ። የአዳማዎቹ ዘመድ እዚህ የላቸውም፤ በከተማቸውም ጡሩምባ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን ጡሩምባ በልጅነት የገባበት ጆሮ ምክንያት አይጠይቅም። ሦስቱ ወጡ፤ ተጠባባቂዎቻቸውም ተከተሏቸው። ሳይረኑ ሳያቋርጥ ይጮኽ ነበር። ተመልካቹ የእጅ አንጓውን እያየ፣ የራሱን ቁጥር ሲወርድ እየቆጠረ፣ ስልክ ይደውላል። ማንም አያነሳም፤ ሁሉም ሰው ሌላ ሰው ጋ እየደወለ ነው። ከውጭ የአቶ ድንበሩ ድምፅ የሆነ ነገር ይላል፤ ቃሉ በሳይረኑ ተውጧል።

ሜዳው ላይ አራት ሰው ቀረ። ከደቻቱ ዕፁብና ሃያት፤ ሃያት ጡሩምባውን የከባድ መኪና ጡሩምባ መስሏት ነበር። ከአዳማ ኦብሴና አንዲት ረጅም ልጅ።

የቅርጫት ኳስ ሕግ አንድ ቡድን ሜዳ ላይ የቀሩት ተጫዋቾች ከሁለት ካነሱ በፎርፌ ይሸነፋል ይላል። ይህን ኮች ሙክታርም፣ የአዳማው አሰልጣኝም፣ ዕፁብም ያውቃሉ። የኦብሴ ቁጥር ሰባ አምስት ደርሶ ነበር። ስልሳ ስምንት ከገባች ዋንጫው የደቻቱ ነው፤ የዕፁብም ቦታ ከነአርባ አንዷ የዕፁብ።

«ዕፁብ!» አሉ ኮች ሙክታር ከመስመሩ ዳር፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «እንዳትነቃነቂ። አርባ አንድሽን እንደያዝሽ ቁሚልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አርባ አንድን በአድናቆት የጠራት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ዕፁብ ወደ ናርዶስ ተመለከተች። ናርዶስ ወንበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ዕፁብ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች።

«ናርዶስ፣ ሞት አይደለም። ስብሰባ ነው።»

«ምን?»

«ስብሰባ ነው፣ ይቅርታ፣ የዕድር...»

«አባዬ ነው» አለች ናርዶስ። «አውቄዋለሁ፣ አባዬ ነው።»

ዕፁብ ቀና አለች። ኦብሴ በሜዳው መሐል ቆማ አፏን በማሊያዋ ሸፍናለች። ጀርባዋ ላይ ሰባ አንድ ይላል፤ ከዚያ ሰባ። ዳኛዋ ፊሽካዋን አፏ አስገብታለች። ትንሽ ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ ዝም ማለት ደግሞ ዕፁብ ከማንም በላይ የምትችለው ነገር ነው።

ነገር ግን ጡሩምባው የቤታቸው ጡሩምባ ነበር። ተነፍቷል፤ ቃሉ ግን አልደረሰም። በእነሱ ቤት ይህ ሥራ ጎድሎ ይቀራል እንጂ አልቋል አይባልም።

ደረቷን ባዶ አደረገች። እስከ መጨረሻው አስወጣችው። አየሩ ራሱ ገባ።

«የደቻቱ ማዶ ዕድር አባላት!»

ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ሁሉም ዞረ። ዕፁብም ልትዞር ምንም አልቀራት።

«ሞት የለም። ስብሰባ ነው። ነገ እሑድ፣ በዕድሩ ግቢ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። አጀንዳው ጡሩምባው ይቅር ወይስ ይቆይ የሚል ነው። ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

ከዚያ ከላይኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ቀሪ ይቀጣል?»

«ይቀጣል» አለች ዕፁብ።

«ወይ ጣጣ» ብለው ተቀመጡ።

ሳቁ ከእሳቸው አካባቢ ጀምሮ ዞረ። ሳይረኑ ቆመ። ቁጥሮቹ እንደ ወረዱት መውጣት ጀመሩ፤ የደቻቱም፣ የአዳማም። ደቂቃው ሳይሞላ ሁሉም ተጫዋች ሜዳ ላይ ተመልሶ ነበር። ኮች ሙክታር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በፎጣ ሸፈኑ።

«ዋንጫውን» አሉ ከፎጣው ሥር፤ «ለስብሰባ ጠርታ ሸኘችው።»

ኦብሴ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች በዕፁብ አጠገብ አለፈች። «እናንተ ጋ ጡሩምባ ገና አለ እንዴ?»

«እስከ ነገ አለ» አለች ዕፁብ።

ጨዋታው ቀጠለ። አንዱ ሲያገባ ሌላው ሲመልስ ሰዓቱ ሊያልቅ ተቃረበ፤ የመጨረሻው ኳስ ዕፁብ እጅ ሲገባ አዳማ አሁንም በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ኦብሴ እንደገና ተለጥፋባታለች፤ ይህን ጊዜ ግን ዝም ብላለች። ሃያት ግራ ገብቷት መሐል ላይ ቆማለች። ናርዶስ ቀኝ ጥግ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ይቀራታል፤ ዓይኗ ግን ተመልካቹ ላይ ነው። በሌላ ቀን ዕፁብ «ናርዶስ፣ ከተመቸሽ...» ብላ ትጀምር ነበር።

ደረቷን ባዶ አደረገች።

«ሃያት። ኦብሴ ላይ። አሁን።»

ሃያት በሕይወቷ እንደዚህ ታዝዛ አታውቅም፤ ሄዳ እንደ ግድግዳ ቆመች። ኦብሴ ግድግዳው ላይ ቀረች።

«ናርዶስ። ቀኝ ጥግ። አሁን።»

ናርዶስ ደረሰች፤ ኳሱም አብሯት ደረሰ። ይቅርታ አልተጨመረበትም። አጠገቧ ማንም አልነበረም። አባቷ አለመሞታቸውን ከሰማች ገና ደቂቃዎች ናቸው፤ ጀርባዋ ላይ ዘጠና ዘጠኝ ይነበብ ነበር፤ በዚህ ሜዳ ታይቶ የማያውቅ ቁጥር። ተነሥታ ወረወረች። ውርወራው ያማረ ነበር። ኳሱ የቅርጫቱን ቀለበት ዞረ፣ አሰበ፣ ወደ ውጭ ወደቀ። ኳስ ቁጥር አያነብም።

ፊሽካው ተነፋ። አዳማ ዋንጫውን ወሰደ።

ናርዶስ እስከ ዛሬ ድረስ ገብቷል ትላለች።

ሚዛን የዕፁብን መዝጊያ ቁጥር ስልሳ ሦስት ብሎ አወጣው። ቤዛ ውጤቱ የመስታወቱና የጫና ክፍሉ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅታ በሁለት ከተሞች አቀረበች፤ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ድምፅም ለሌሎች ክለቦች ተልኳል። ዕፁብ ቦታዋን ያዘች። ኮች ሙክታር እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ ከዚያ ለብዙ ጊዜ አላናገሯትም፤ ከዚያ አናገሯት።

የዕድሩ ስብሰባ ግቢው እስኪጠብ ሞላ። ጡሩምባው ይቅር ብለው እጃቸውን ካወጡት መካከል ከሕመማቸው የተነሡት የናርዶስ አባት ይገኙበታል። ሐሳቡ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ውሳኔው የሚጸናው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ፣ በውሳኔው መንፈስ፣ በስልክ ተጠራ። ሰው አልሞላም። እንደገና ተጠራ። አልሞላም። እስኪጸድቅ ድረስ አቶ ድንበሩ ይነፋሉ።

የዕፁብ ሕይወት በጥቂቱ ተለወጠ። ሰው ቁጥርሽ እንዴት አደረ ሲላት ኪሷን መዳበስ ተወች። አውቶቡስ ላይ የኋላው በር አልከፈት ስላላት በፊተኛው መግባት ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን ከሁለት ሰዎች ጋር በሩ ላይ ተጣበቀች። «ይቅደሙ» አለች። ማንም አልቀደመም፤ ሁለቱም ይህን ቃል የት እንደሚያውቁት ለማስታወስ እየሞከሩ ነበር። ጠዋት መስታወቱ ስልሳ ሦስት ካለ በኋላ አዲስ ነገር ይጨምራል፤ «እንዳይወርድ እንጠንቀቅ።» በአርባ አንድ ዘመን ተጠንቀቂ ብሏት አያውቅም ነበር።

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲከፈት ከጨዋታው በፊት ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር ለማየት አንገቷን አዞረች። ይህን ከዚህ በፊት አድርጋ አታውቅም። ሁለተኛው ሩብ ላይ አንድ ኳስ አሳልፋ ሰጠች፤ ቀጥሎ ሌላ። ተመልካቹ ጀርባዋን አይቶ መጮኽ ጀመረ፤ ጩኸቱ የሚወርድ ነገር ያገኘ ሰው ጩኸት ነበር። ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ። ለራሷ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ሰው ሲያያት ነው።

ቁጥሯ አርባ ሦስት ነበር። ከድሮው በሁለት ይበልጣል።

ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ናርዶስ ቀድማ ተቀምጣለች፤ ያልገባ ኳሷን ገብቷል እያለች ከዳኛዋ ጋር ስትከራከር ወርዳ ነው። ዕፁብ ስትመጣ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከዚያ ጥርሷን ፈገግ አደረገች።

«አቦ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ይኸው አንቺም ሰው ሆንሽ።»

«ይቅርታ» አለች ዕፁብ፣ «ትንሽ ጠጋ ብትዪልኝ...»

«ይቅርታ አትበዪኝ አላልኩሽም?»

ወንበሩ ጠባብ ነበር፤ የአንድ ደቂቃዋም ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። ዕፁብ ቆማ ደረቷን ባዶ አደረገች። እስከ መጨረሻው አስወጣችው፤ ከዚያ ጠበቀች። አየሩ ራሱ ገባ።

«ናርዶስ። ወደ ግራ። አሁን።»

ናርዶስ ተጠጋችላት።